ባሌ እንቅልፉ ውስጥም ጌም ይጫወታል

የጻፈችልኝ እህት ሀዋሳ ነው የምትኖረው። መልዕክቷ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፦

"ከተጋባን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ባሌ ጎበዝ ሰራተኛ ነው፣ አይጠጣም አይቅምም፣ ግን ፐብጂ የሚባለውን የስልክ የተኩስ ጌም ከጀመረ ወዲህ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋ ማይክ ከፍቶ እስከ ሌሊቱ ሰባት ስምንት ሰዓት ይጫወታል። እሱንስ ለምጄው ነበር። አሁን ግን ተኝቶ 'ከኋላህ ነው! አንሳኝ አንሳኝ!' እያለ ይጮሃል። እሁድ ፍቅር ሐይቅ ዳር ዎክ እያረግን የቆመ ሚኒባስ አይቶ 'እዚህ ጋ አሪፍ ከቨር አለ' አለኝ፣ ከተኩስ መደበቂያ ማለቱ ነው፣ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ በኋላ ሳስበው ፈራሁ። የአጎቴ ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልክ ሳይዝ ሁለቱ አውራ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር። ለእናቴ ነገርኳት፣ እሷ ለእናቱ ነገረች፣ አሁን ሁለቱም ጸበል ካልገባ እያሉ ነው። እሱ ተናዶ ሳሎን መተኛት ጀምሯል። እያበደ ነው እንዴ? ጌሙን ደብቄ ከስልኩ ላጥፋው?"

እህቴ፣ ከነገርሽኝ ነገር ውስጥ እብደት የሚባል አንድም የለም።

እንቅልፉም ጣቱም ሚኒባሱም ብዙ የሚጫወቱ ሰዎች ላይ የሚታይ ነው፣ ጥናትም አለው። እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ትሬንት ዩኒቨርሲቲ አንጀሊካ ኦርቲዝ ዴ ጎርታሪና ማርክ ግሪፊትስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋ ሆነው 42 ወጣት ተጫዋቾችን አነጋግረው 2011 እ.ኤ.አ. ላይ አሳትመውታል። ከልጆቹ አንዱ ዳቦው ከእጁ ሲወድቅ ጣቱ ጌሙ ላይ ጊዜ ወደኋላ የሚመልሰውን በተን ሊጫን ተንቀሳቀሰ፣ ልጁ ጤነኛ ነው፣ እጁ ለምዶ ነው። ያንቺ ባል ድንኳን ውስጥ ያረገውም ይሄው ነው።

የህልሙን ነገር ደሞ ሀርቫርድ ሜዲካል ስኩል ያለው ሮበርት ስቲክጎልድ ነው የመረመረው። ነገሩ የጀመረው ከጌም እንኳን አይደለም፣ ሰውዬው ተራራ ሲወጣ ውሎ ማታ አልጋው ላይ ዓይኑን ሲጨፍን አሁንም ድንጋይ ጨብጦ የሚወጣ መሰለው። ሰው ሁሉ ተራራ አውጥቶ መመርመር ስለማይቻል 27 ሰዎችን በሦስት ቀን ውስጥ ሰባት ሰዓት ያህል ቴትሪስ አጫወታቸው፣ ያ ከላይ እየወረደ የሚገጣጠመውን ጌም ታውቂዋለሽ መቼም፣ ከዛ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ምን እንደሚታያቸው ጠየቃቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የጌሙ ቅርጽ ሲወርድ እየታየን ነው አሉ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ከመሃላቸው አምስቱ አንጎላቸው ተጎድቶ አዲስ ነገር የማያስታውሱ ነበሩ፣ በማግስቱ ጌሙን መጫወታቸውን እንኳን አያውቁም፣ ሆኖም ሦስቱ የሚወርደው ቅርጽ ታይቷቸዋል። ማለት ሰውዬው ፈልጎ የሚያመጣው ነገር አይደለም። ቀን ሙሉ ቡና ስትለቅም የዋለች ልጅ ማታ ዓይኗን ስትጨፍን ቀይ ፍሬ የሚታያት ዓይነት ነው።

ስለዚ ህልሙ ላይ አትጣዪው፣ ጠብ ካለሽ ሰዓቱ ላይ ይሁን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የተኛ ሰው ጠዋት ለስራ ሲነሳ ስንት ሰዓት ተኝቷል? እንቅልፍ ያጣ ሰው ደሞ ይነጫነጫል፣ ይረሳል፣ ሞተር የሚነዳ ከሆነ ይሄ ከጩኸቱ በላይ ሊያስፈራሽ ይገባል።

አሁን የማይጥምሽን ልናገር። ባልሽ ሳሎን የገባው በጌሙ አይመስለኝም። ተኝቶ ያወራውን፣ እሱ ራሱ የማያውቀውን፣ አማቹም እናቱም ሰምተውታል። እስቲ በሱ ቦታ ሁኚና አስቢው፣ አንቺ እንቅልፍሽ ውስጥ ያልሽው ነገር የሁለት ቤተሰብ የቡና ወሬ ቢሆን ካወራብሽ ሰው አጠገብ ትተኛለሽ? በጭንቀት እንዳረግሽው ይገባኛል፣ ግን ገበናው ወጥቷል፣ እና ሳሎን ብቻውን ከስልኩ ጋ ነው ያለው፣ ይሄ ሰዓቱን ያብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም። መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂው፣ "ግን አንተም" የሚል ሳትጨምሪበት። ለእናትሽም ነገሩን እኛው እንነጋገርበታለን በያት። ጸበሉን እኔ አልከለክልም፣ እምነታችሁ ነው፣ ብቻ አብዷል ተብሎ እየተጎተተ አይሁን።

ስለ ሰዓቱ ስታወሩ ደሞ አንድ ነገር እወቂ፣ ፐብጂ መሃል ላይ ፖዝ አይደረግም፣ አንድ ዙር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ በመሃል ከወጣ ጓደኞቹን ጥሎ ነው የሚወጣው። "አሁኑኑ ዝጋው" ስትይው እሺ የማይልሽ ንቆሽ ላይሆን ይችላል። ከዛ ይልቅ ቀን ላይ፣ ሁለታችሁም ሳትናደዱ፣ የመጨረሻው ዙር ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት ያልቃል ተባባሉ፣ ለጓደኞቹም ራሱ ይንገራቸው። ከዛ እስክትተኙ አንድ ሰዓት ያህል ሌላ ነገር ይኑር፣ ሻይ፣ ወሬ፣ ምናምን። ስልኩ መኝታ ቤት ባይገባ ጥሩ ነው፣ ያንቺም ጭምር፣ ቲክቶክሽን እያየሽ እሱን ስልክ አስቀምጥ ብትይው አይሰማሽም።

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን ከበሽታ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስራ ላይ ነው። መስፈርቱ ግን ህልም አይደለም። መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከስራና ከቤቱ ሲቀድምበት፣ እየጎዳው እያየ ሲቀጥል፣ ይሄም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። ያንቺ ባል ስራውን እየሰራ ነው፣ እዛ አልደረሰም። በንቃቱ እያለ በእውነት የሚያሳድደኝ ሰው አለ ካለሽ፣ ማንም ያልሰማውን ድምጽ ከሰማ፣ ወይ ተኝቶ እየተነሳ አንቺን ወይ ራሱን የሚጎዳ ነገር ካረገ ግን ያኔ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል ሂዱ። ሚኒባስ አይቶ ከቨር ማለቱ ከዚህ አይቆጠርም፣ ለነገሩ አንቺም ስቀሻል፣ ትስቅልኛለች ብሎ ነው ያለሽ።

ጌሙን ደብቄ ላጥፋው ላልሺው፣ አታጥፊው። ሌቭሉም ጌሙ ውስጥ የገዛው ልብስም ጓደኞቹም ያሉት አካውንቱ ላይ ነው፣ ዋይፋይ ባለበት ድጋሚ አውርዶ ይገባል፣ ከዛ በኋላ የሚቆልፈው ስልኩን ነው፣ ፓስወርዱንም ላንቺ አይነግርሽም።