ወርቁ የሮንዳ ነው ወይስ የኬይላ?

ጥያቄ፦ ሮንዳ ራውሲ ዩኤፍሲ (የድብልቅ ማርሻል አርት ውድድር) ከመግባቷ በፊት በጁዶ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዳለች ብዬ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ምሳ ተወራረድን። እሱ «በፍጹም» ይላል። እስቲ ፍረዱን። (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ምሳውን ጋብዝ፣ ወንድምህ ልክ ነው። ሮንዳ በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቤጂንግ ላይ በ70 ኪሎ ምድብ ያገኘችው ነሐስ ነው። ግን ነሐሱን እንዳትንቀው። በኦሎምፒክ ጁዶ ሜዳሊያ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት እሷ ናት። እናቷ አንማሪያ ዴማርስም በ1984 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፣ ከእሷ በፊት ወንድም ሆነ ሴት ያንን ያገኘ አሜሪካዊ አልነበረም።

ወርቁ የሌላዋ አሜሪካዊት ጁዶ ተጫዋች፣ የኬይላ ሃሪሰን ነው። ጁዶ ኦሎምፒክ ከገባበት ከ1964ቱ ቶኪዮ እስከ 2024ቱ ፓሪስ ድረስ አሜሪካ ያገኘችው 14 ሜዳሊያ ብቻ ነው፣ ከዚያ ውስጥ ወርቁ ሁለት፣ ሁለቱም የኬይላ፦ ለንደን 2012 እና ሪዮ 2016፣ በ78 ኪሎ። የሪዮውን ፍጻሜ ፈልገህ እየው። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ፈረንሳዊቷን ኦድሬ ቹሜዮን ምንጣፉ ላይ ይዛ ክንዷን ቆለፈችባት፤ ተጋጣሚዋ መታ መታ አድርጋ እጅ ሰጠች፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ጁዶ ካልተማርኩ ብላ ይዛኛለች። ትምህርት ቤቷ ሬስሊንግ እንጂ ጁዶ የለውም። ይህ ሁሉ ስፖርተኛ ያላት አገር ጁዶ ላይ ለምን ደከመች? ልጄንስ ልላካት? (እናት፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ የመጀመሪያውን እርስዎ ራስዎ መልሰውታል። ጎበዝ ታጋይ የሆነ ልጅ በየትምህርት ቤቱ ሬስሊንግ ይጠብቀዋል፣ ከዚያም ኮሌጅ፣ ስኮላርሺፕም አለ። ጁዶ ግን የሚኖረው በትንንሽ ክለቦች ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለየት ይላል፤ እዚያ የ1964ቱን የአሜሪካ ኦሎምፒክ ጁዶ ቡድን ያሰለጠኑት ዮሽ ኡቺዳ ለአሥርት ዓመታት ሲያስተምሩ ኖረው በ2024፣ በ104 ዓመታቸው አረፉ። ከቦስተን አጠገብ ደግሞ የፔድሮ ቤተሰብ ክለብ አለ። ሮንዳም፣ ኬይላም፣ ሪዮ ላይ ብር ያገኘው ትራቪስ ስቲቨንስም እዚያ ሰልጥነዋል።

ይላኳት። ግን የኬይላን ታሪክ ይወቁት፣ ምክንያቱም ይህ ከሜዳሊያው ይበልጥብኛል። ኦሃዮ እያለች፣ ገና በልጅነቷ፣ የገዛ አሰልጣኟ ለዓመታት ወሲባዊ ጥቃት ያደርስባት ነበር። በ16 ዓመቷ ነገሩ ሲወጣ እናቷ ፖሊስ ጋ ሄዱ፣ ሰውየው 10 ዓመት ተፈረደበት፣ እሷም ወደ ፔድሮዎቹ ተዛወረች። በ2011፣ ለንደን ከመድረሱ በፊት፣ ራሷ በአደባባይ ተናገረችው።

ስለዚህ ክለቡን ሲመርጡ ስለ ዋንጫው አይጠይቁ። በዩኤስኤ ጁዶ (በአገሪቱ የጁዶ ፌዴሬሽን) የተመዘገበ መሆኑን ይጠይቁ። የአሰልጣኙን ስም ስፖርተኞችን ከጥቃት ለመጠበቅ በተቋቋመው፣ ሴፍስፖርት በሚባለው የአሜሪካ ማዕከል ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉት፤ የታገዱ ሰዎች ስም እዚያ ለማንም ክፍት ነው። አሰልጣኝ ልጅዎን ለብቻዋ፣ ሰው በማያይበት ቦታ ማሰልጠን የለበትም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዳር ላይ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። «ወላጅ መግባት አይችልም» ካሉዎት እጇን ይዘው ይውጡ፣ ሌላ ክለብ ይፈልጉላት።