ፋኖሱና ጨረቃዋ እኩል ካበሩ ጥላው የማን ነው?

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ የሥዕልሽን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ዋሻ አፍ ላይ ፋኖስ የያዘች ልጅ ቆማለች። ከፊቷ ግዙፍ ዘንዶ፣ ከዘንዶው ጀርባ ሙሉ ጨረቃ። «ጋሼ፣ ልጅቷ ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች፤ ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?» ብለሻል።

እጅሽ ጥሩ ነው፤ የዘንዶው ክንፍማ አስቀንቶኛል። ችግሩ መብራቱ ላይ ነው። ፋኖሱም ጨረቃዋም በእኩል ጉልበት ያበራሉ፤ ጥላዎቹ ደግሞ የአንዳቸውም አይደሉም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የለም፤ ስልቱ ስለሆነ ማንም አይጠይቅም። አንቺ ግን ፋኖስ ካበራሽ ትጠየቂያለሽ።

ድንጋዮቹ ሁሉ ጥላቸውን ወደ ቀኝ ጥለዋል፣ የከሰዓት ፀሐይ ላይ ያሉ ይመስል። የፋኖስ ጥላ ከፋኖሱ ሥር ተነስቶ በየአቅጣጫው ይበተናል። ክር ውሰጂ። አንዱን ጫፍ ከፋኖሱ ትክክል ሥር፣ መሬቱ ላይ፣ በፕላስተር ያዢውና በድንጋዩ ግርጌ አሳልፈሽ ሳቢው። ጥላው የሚሄደው በዚያ መስመር ነው። ሌላ ክር ከነበልባሉ በድንጋዩ አናት ይለፍ። ሁለቱ ክሮች የሚገናኙበት የጥላው ጫፍ ነው።

ፊቷም እንደዚሁ። ፋኖሱን ወገቧ ላይ ይዛ ግንባሯ ያበራል! ማብራት ያለበት የአገጯና የአፍንጫዋ ሥር ነው፤ የአፍንጫዋ ጥላ ወደ ላይ ይውጣ።

አሁን የሚያንገበግበው ጋ ደረስን። ጨረቃዋ ከዘንዶው ኋላ ስለሆነች ወደ እኛ የዞረው ደረቱ ጨለማ መሆን አለበት፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀጭን ብርሃን ይሂድ። ፋኖሱ ያበራዋል እንዳትዪኝ። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 4 ሜትር ላይ ያለ ዘንዶ 1 ሜትር ላይ ያለው ድንጋይ ከሚያገኘው 1/16ኛውን ብቻ ነው የሚያገኘው። ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ እንደለፋሽባቸው ይታያል። አትፋቂያቸው። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር የሚባለውን ጥቁር ቡናማ ቀላቅለሽ ስስ አድርገሽ ደርቢባቸው፣ ከሥር ብቅ ይላሉ። የምትቀቢበት አክሬሊክ ቀለም ሲደርቅ ትንሽ ስለሚጠቁር መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሪና ደርቆ እዪው።

ጥላውን በጥቁር ቀለም ከቱቦው እንደወረደ ቀብተሽዋል። አንድ ነገር ልለምንሽ። ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሰማዩ ሳይጨልም፣ መስኮት አጠገብ ነጭ ወረቀት ዘርጊ። በሌላው በኩል ሻማ አብሪ፣ መሃል ላይ የቡና ስኒ አስቀምጪ። ሁለት ጥላ ታያለሽ። የሻማው ጥላ ሰማያዊ ነው፣ የመስኮቱ ብርሃን ስለሚገባበት፤ የመስኮቱ ጥላ ደግሞ ብርቱካናማ ነው። በሥዕልሽም የፋኖሱን ጥላ ጨረቃዋ ትንሽ ሰማያዊ ታድርገው።

ጥቁር የሚያስፈልግሽ አንድ ቦታ ነው፤ ጫማዋ መሬት የሚነካበት ጠባብ ስንጥቅ። እዚያ ሁለቱም ብርሃን አይገባም። አንቺ ግን እሱን ባዶ ትተሽዋል፣ ተለጥፋ የምትመስለው በዋናነት ለዚህ ነው። በቀጭን ብሩሽ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስትጨርሺ በስልክሽ አንሺና ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርገሽ ላኪልኝ። ዘንዶው ከልጅቷ በፊት ዓይን ውስጥ ከገባ፣ አንድ ዙር ደግሞ ትደርቢበታለሽ።