ከጽሑፍ ፋይል የተነበበው 12 እና 9 ለምን 129 ሆነ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሱሉልታ ሲሆን፣ በአካባቢያችን ባለ አነስተኛ የወተት መሰብሰቢያ መዝገብ እይዛለሁ። አባላት ጠዋትና ማታ የሚያስረክቡትን ወተት በኮምፒውተር ላይ በተራ የጽሑፍ ፋይል አሰፍራለሁ፤ በየመስመሩ መጀመሪያ የአባሉ ቁጥር፣ ቀጥሎ የጠዋቱ ሊትር፣ በመጨረሻም የማታው ሊትር ባዶ ቦታ እየለያቸው ይጻፋሉ። በቅርቡ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተምሬ ፋይሉን አንብቦ የሚደምር ፕሮግራም ብጽፍም፣ ጠዋት 12 ማታ 9 ሊትር ላስረከቡ አንዲት እናት 129 ሊትር ብሎ አወጣልኝ። ጽሑፍን ወደ ቁጥር በሚለውጠው፣ ፍሎት በተባለው ትእዛዝ ይህን ካስተካከልኩ በኋላ ደግሞ ፋይሉን ሳይጨርስ የስሕተት መልእክት አሳይቶ ይቆማል። አንድ ወዳጄ «የሚያስቸግረውን ሁሉ ዜሮ አድርገውና እለፈው» ብሎኛል። ምክሩን ልቀበል?

መልስ፦ አይቀበሉ። ምክንያቱን ለማየት ግን ከ129 መነሣት ይሻላል።

በጽሑፍ ፋይል ውስጥ የሚቀመጠው ቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ የተጻፈበት ምልክት ነው። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ምልክት መለያ ስላለው፣ 1 የሚለው ምልክት በ49፣ 2 በ50፣ 9 ደግሞ በ57 ይቀመጣል። ፕሮግራምዎ መስመሩን ሲያነብ ያገኘው እነዚህን ምልክቶች እንጂ አሥራ ሁለት የሚባለውን መጠን አልነበረም፤ በፓይተን የመደመር ምልክት በሁለት ጽሑፎች መካከል ሲገባ ደግሞ አንዱን ከሌላው ጋር ይቀጥላል። 129 ሊትር ከአንድ ቤት ሊወጣ ስለማይችል ዐይንዎ ውስጥ ገባ። ጠዋት 8.5 ማታ 7 ሊትር ያስረከበ አባል ግን 8.57 ተብሎ ይወጣ ነበር፤ ይህ ደግሞ እውነተኛ የወተት ልክ ስለሚመስል ማንም አይጠራጠረውም። ስለዚህ ፍሎትን ከመጨመርዎ በፊት ያወጡት ሒሳብ ካለ፣ ትክክል የሚመስለውንም ጭምር እንደገና ይፈትሹት።

ፍሎት ምልክቱን ወደ መጠን ይለውጣል። በቁጥሩ ዙሪያ ያለውን ባዶ ቦታና የመስመር መጨረሻ ምልክት ራሱ ስለሚያስወግድ በዚያ በኩል አይቸገሩም። ሊትሩን ከቁጥሩ ጋር አያይዞ «9ሊትር» ብሎ መጻፍን፣ በነጥብ ፈንታ ኮማ የገባበትን 9,5 ወይም በዜሮ ቦታ የገባ የላቲን ኦ ፊደልን ግን አይቀበልም። በፋይሉ መጨረሻ የቀረ ባዶ መስመርም መስመሩ ሲከፋፈል ምንም ቁራጭ ስለማይሰጥ ፕሮግራሙን ያስቆማል። ይህኛው ብቻ ያለ ስጋት ሊዘለል ይችላል።

የግእዝ አኃዝ የተለየ ጣጣ አለው። ፱ ብለው ቢጽፉና ኢዝዲጂት በተባለው ትእዛዝ አኃዝ መሆኑን ቢጠይቁት ፓይተን አዎን ይላል፤ ወደ ቁጥር ለውጠው ሲሉት ግን አይለውጥም። የግእዙ አቆጣጠር ዜሮ የለውም፤ ለዐሥርና ለመቶ የራሳቸው ምልክት ስላላቸውም ከ0 እስከ 9 እንዳሉት አኃዞች በቦታ ዋጋ አይነበብም። በመዝገቡ ውስጥ ካለ በእጅ መቀየሩ ይቀላል።

ከሁሉም የሚከፋው ምንም መልእክት የማያሳየው ስሕተት ነው። አንዳንድ የጽሑፍ ማዘጋጃዎች፣ ኤክሴልም ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት ማስቀመጫ ስልት ሲያስቀምጥ፣ በፋይሉ መግቢያ ላይ የማይታይ ምልክት ያኖራሉ። የአባሉን ቁጥር እንደ ጽሑፍ ይዘው ሒሳቡን በእሱ ከከፈቱ፣ በመጀመሪያው መስመር ያለው አባል 14 በኋላ ከሚመጣው 14 የተለየ ሰው ሆኖ ሁለት ሒሳብ ይከፈትለታል፤ በስክሪን ላይ ሲታዩ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ፋይሉን ሲከፍቱ የአጻጻፉን ዓይነት ዩቲኤፍ-8-ሲግ ብለው ከገለጹ ይህ ምልክት ይወገዳል።

አሁን ወደ ወዳጅዎ ምክር። ዜሮ ማለት አባሉ በዚያ ምሽት ወተት አላመጣም ማለት ነው። ሊነበብ ያልቻለ ቁጥር ግን አባሉ አምጥቶ በአግባቡ አልተጻፈለትም ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አንድ ማድረግ ከሰው ወተት መቀነስ ነው፤ የሚቀነስበትም ላሟን ያለበው ሰው እንጂ መዝጋቢው አይደለም። መስመሩን ዝም ብሎ መዝለል ደግሞ ማታው ተበላሽቶ ደኅና የነበረውን የጠዋቱን ልክ ጭምር ያጠፋል።

ስሕተት ሲያጋጥም ፕሮግራሙ በመቆም ፈንታ ሌላ ሥራ እንዲሠራ የሚያደርጉትን፣ ትራይ እና ኤክሴፕት የተባሉትን ትእዛዞች መጠቀምዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ኤክሴፕት ውስጥ የሚጽፉት ዜሮ ሳይሆን የመስመሩ ተራ ቁጥርና መስመሩ እንዳለ ይሁን፤ እነዚህም በሌላ ፋይል ይጠራቀሙ። ኢኑመሬት የተባለው ትእዛዝ መስመሮቹን ይቆጥርልዎታል፤ ከ1 እንዲጀምር ካልነገሩት ግን ከ0 ስለሚነሣ በፋይሉ ላይ ከሚያዩት መስመር በአንድ ያንሳል። በየመስመሩ በትክክል ሦስት ቁራጭ መኖሩንም ከመለወጡ በፊት ይጠይቁ፤ የማታው ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ በዚህ ይያዛል።

ስለ ክፍያው አልጠየቁም፤ መድረሱ ግን አይቀርም። ፍሎት ግማሽና ሩብ ሊትርን በትክክል ይይዛል፤ 0.1ን ግን በትክክል መያዝ ስለማይችል 0.1 ሦስት ጊዜ ሲደመር 0.30000000000000004 ይወጣል። ለሊትር ድምር ይህ አይጎዳም። ብሩን ግን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ይያዙትና ሊታተም ሲል ብቻ ለ100 ያካፍሉት።

በየጊዜው የተነበቡትን፣ ወደ ሌላው ፋይል የሄዱትንና ባዶዎቹን መስመሮች ቆጥረው ድምሩ ከፋይሉ ጠቅላላ መስመር ጋር እኩል መሆኑን ካላረጋገጡ ክፍያ አያውጡ። የተጠራቀሙትን መስመሮች ደግሞ ከወረቀቱ መዝገብ ጋር አስተያይተው፣ ካስፈለገም አባሉን ጠይቀው፣ በፋይሉ ላይ ያርሙና ፕሮግራሙን እንደገና ያስነሡት።