የስኩተር ሞተር የተሠራበት አገር ስለ ጥራቱ ምን ይነግረናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልገዛው ያሰብሁት ስኩተር ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ የአውሮፓ ስም ያለው ነው። ይሁንና በላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳነብ ሞተሩ የተሠራው በእስያ መሆኑን ተረዳሁ። ሻጩ «ፋብሪካው ቦታ ቢቀይርም መስፈርቱ ያው ነው» ይለኛል፤ የማምነው መካኒክ ግን «ከአገሩ ከወጣ የቀረው ስሙ ብቻ ነው» ይላል። ማንኛቸውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው፤ ሆኖም ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ዘለውታል። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የሞተሩ ንድፍ የማን እንደሆነ፣ ፍተሻውን ማን እንደሚያካሂድና ማን እንደሚከፍልበት፣ ሞተሩ ሲበላሽም ኪሳራው በማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። የአገሩ ስም ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

የስኩተር ሥራ ከአገር አገር መዛወሩ አዲስ ነገር አይደለም። ቬስፓን በ1946 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጣሊያን ውስጥ በፖንቴዴራ ማምረት የጀመረው ፒያጆ፣ ዛሬ በባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪው ለሚታወቀው ለሕንዱ ባጃጅ በ1960ዎቹ የማምረት ፈቃድ ሰጥቶት ነበር፤ ፈቃዱ በ1971 ሲያበቃ ባጃጅ ያካበተውን ልምድ ይዞ «ቼታክ» የተባለውን ስኩተር በራሱ ስም መሥራቱን ቀጠለ። ላምብሬታን ይሠራ የነበረው የሚላኑ ኢኖቼንቲም የማምረቻ መሣሪያዎቹን ለሕንድ ሸጦ መሣሪያዎቹ በላክናው ከተማ ተተከሉ። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ደግሞ ቢ.ኤም.ደብሊው «ሲ 400» የተባሉትን ስኩተሮቹን ከነሞተራቸው የሚያሠራው ቻይና ውስጥ ቾንግቺንግ በሚገኘው ሎንሲን ነው፤ «አይ 3» በተባለችው የኤሌክትሪክ መኪናው ላይ ባትሪ እንዲሞላ በአማራጭ ይገጠም የነበረውን 647 ሲሲ ሞተር ደግሞ የሠራለት የታይዋኑ ኪምኮ ነበር። የራሱን ስም የሚጠብቅ ድርጅት ሞተሩን ለሌላ ሲሰጥ ስሙንም አብሮ እየሰጠ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ መሐንዲሶቹን ከፋብሪካው ደጅ አያጠፋም።

ስለዚህ በውጭ አገር የተሠራ ሞተር ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት እንደሚችል ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ፒያጆ በ2009 በቬትናም እንደከፈተው ዓይነት፣ ባለ ስሙ ድርጅት ራሱ በሌላ አገር ያቋቋመው ፋብሪካ ነው፤ እዚህ ላይ የሚለወጠው ቦታውና አብዛኛውን ጊዜ የመለዋወጫ አቅራቢዎቹ ናቸው። ሁለተኛው ንድፉ የባለ ስሙ ሆኖ ሥራው ለሌላ ፋብሪካ በውል የሚሰጥበት ነው። ሦስተኛው ግን በዓይነቱ ይለያል፦ ፋብሪካው አስቀድሞ ሠርቶ ያስቀመጠውን ሞተር ለጠየቀው ሁሉ ይሸጣል፣ ገዢውም የራሱን ስም ይለጥፍበታል። መካኒክዎ «የቀረው ስሙ ብቻ ነው» ያሉት በዚህ በሦስተኛው ላይ ከሆነ አልተሳሳቱም።

የሦስተኛው ዓይነት ዋና ምሳሌ «ጂ ዋይ 6» በመባል የሚታወቀው ሞተር ነው። መሠረቱ የሆንዳ ንድፍ ሲሆን በታይዋን በኪምኮ በኩል ተስፋፍቶ በኋላ በቻይና እጅግ ብዙ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ሆኗል፤ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት፣ በማራገቢያ አየር የሚቀዘቅዝና ኃይሉን በቺንጊያ የሚያስተላልፍ ነው። በሞተሩ አካል ላይ «139 ኪው ኤም ቢ» ወይም «157 ኪው ኤም ጄ» የሚል ምልክት ካገኙ የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። የመጀመሪያው አኃዝ የሲሊንደሩን ብዛት፣ ቀጥለው የሚመጡት ሁለቱ የሲሊንደሩን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራሉ፤ የመጨረሻው ፊደል የሞተሩን መጠን ሲያመለክት «ቢ» 50 ሲሲ፣ «ጄ» 150 ሲሲ ማለት ነው። ምልክቱ የማይናገረው ማን እንደሠራው ነው። ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ሁለት ሞተሮች መለዋወጫ ሊዋዋሱ እየቻሉ፣ አንዱ ዓመታት ሲያገለግል ሌላው ገና በመጀመሪያው ዓመት ጭስ ሊጀምር ይችላል።

ልዩነቱ የሚፈጠረው ከውጭ በማይታዩ ቦታዎች ነው። ክራንክሻፍቱን (የፒስተኑን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር የሚለውጠውን ዘንግ) እንውሰድ። በእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ክራንክሻፍቱ ተነጣጥለው የተሠሩ ክፍሎች በኃይል ተጨምቀው የሚገጣጠሙበት ነው፤ የፒስተኑ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታም በመካከላቸው ይቀመጣል። ግጥሚያው በትንሹ ከተዛነፈ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ የዳር ኩሽኔታዎቹም ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ። በፒስተንና በሲሊንደር መካከል የሚተወው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት ያነሰ፣ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚለካ ነው፤ ይህን መጠን በየሺው ሲሊንደር ላይ ሳያዛንፉ መጠበቅ ስል መቁረጫ፣ በየጊዜው የሚስተካከል መለኪያና ያረጀውን መሣሪያ በጊዜ የሚጥል አለቃ ይጠይቃል። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) በእሳት የሚጠነክርበትን ጊዜ ማሳጠር ነዳጅ ይቆጥባል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ግን ገጹ ተልጦ ቫልቮቹ መንኳኳት ሲጀምሩ ነው። አሉሚኒየሙ ወደ ቅርጹ ሲፈስ አየር ከታሰረበት ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይቀራሉ፣ ዘይትም በእነሱ በኩል ያልባል። ለእኔ ከሁሉም የሚያናድደው ግን በጣም ቀላሉ ጉድለት ነው፦ ከቆረጣ የተረፈ የብረት ፍቅፋቂ በዘይት መተላለፊያው ውስጥ ሳይታጠብ መቅረቱ። እሱን ለማስወገድ አንድ የማጠቢያ ገንዳና ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ቢሆንም ፋብሪካው በሰዓት በሚያወጣው ብዛት ብቻ ሲለካ መጀመሪያ የሚዘለለው ይኸው ሥራ ነው።

ክፍሎቹ ከአንድ አካባቢ መጥተውም ውጤቱ ሊለያይ እንደሚችል ከሆንዳ ታሪክ መረዳት ይቻላል። በ2000 አካባቢ የሆንዳን ንድፍ የኮረጁ ርካሽ የቻይና ሞተርሳይክሎች የቬትናምን ገበያ ሲያጥለቀልቁት፣ ሆንዳ በ2001 ሲኮርጀው ከነበረ የቻይና አምራች ጋር በሽርክና ኩባንያ አቋቋመ፤ በ2002ም ከቻይና የመጡ ርካሽ ክፍሎችን ጭምር ተጠቅሞ «ዌቭ አልፋ» የተባለውን አነስተኛ ሞተርሳይክል በዝቅተኛ ዋጋ ለቬትናም አቀረበ። ገበያውም ወደ እሱ ተመለሰ። ሆንዳ የጨመረው ነገር ቢኖር የትኛውን አቅራቢ እንደሚቀበል፣ የትኛውን ክፍል እንደሚመልስ የመወሰን ሥልጣኑን ለሌላ አለመስጠቱን ነው።

እንግዲህ ለሻጩ የሚያቀርቡት ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ስኩተሩ ላይ ስሙ ያለው ድርጅት ለሞተሩ ዋስትና በራሱ ስም ይሰጣል? የመለዋወጫ ዝርዝርስ በራሱ ቁጥር አውጥቷል? ሁለቱንም «አዎ» ካለና በጽሑፍ ካሳየዎት፣ የተሠራበት አገር እንቅልፍ ሊነሣዎት አይገባም።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ስኩተሮችን በራሳችን ስም በውጭ ፋብሪካ አሠርተን ለማስመጣት አስበናል። ፋብሪካው የአይ.ኤስ.ኦ. 9001 የምስክር ወረቀት አሳይቶናል፣ የላከልን ናሙናም እንከን አልተገኘበትም። ይህ በቂ ነው?

መልስ፦ አይበቃም። አይ.ኤስ.ኦ. 9001 የሚመሰክረው ፋብሪካው ሥራውን የሚመራበት ሥርዓት እንዳለው እንጂ ከበሩ የሚወጣው ሞተር ጥሩ እንደሆነ አይደለም። ናሙናውም ቢሆን በፋብሪካው ምርጥ ባለሙያ፣ በጥንቃቄና በእርጋታ የተሠራ መሆኑን መገመት ይበጃል።

ብዙ አስመጪዎችን የሚጎዳው ከናሙናው በኋላ የሚመጣው ቀስ በቀስ የጥራት መውረድ ነው። የመጀመሪያው ጭነት ጥሩ ይሆናል፣ ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ከዚያም ዋጋው ባለበት ሳለ ኩሽኔታው በረከሰ ይተካል፣ ጓርኒሲዮኑ (በክፍሎቹ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ይሳሳል፣ የሪንጉ ብረት ይለወጣል። እያንዳንዱ ለውጥ ብቻውን ትንሽ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። መከላከያው በውሉ ውስጥ የኩሽኔታውን አምራች፣ የብረቱን ዓይነትና ጥንካሬ፣ የእያንዳንዱን ዋና ክፍል ልኬትና የተፈቀደ ልዩነት በስም መጥቀስ፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ምንም እንዳይቀየር መከልከል፣ የጸደቀውንም ናሙና አሽጎ አንዱን በእናንተ ዘንድ ማቆየት ነው። «ጥራቱን የጠበቀ ሞተር» የሚል ቃል ብቻ የያዘ ውል በክርክር ጊዜ አንዳች አይፈይድም።

ፍተሻው ከመጫኑ በፊት፣ የመጨረሻው ክፍያ በእጃችሁ ሳለ፣ ከፋብሪካው ጥቅም በሌለው ሦስተኛ ወገን ይደረግ። ተቆጣጣሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት አይ.ኤስ.ኦ. 2859 የተባለውን የናሙና አወሳሰድ ሲሆን፣ ቁጥሮቹን ሳያዩ መፈረም አደጋ አለው። ለምሳሌ ከ501 እስከ 1200 በሚደርስ ጭነት በተለመደው ደረጃ 80 ይፈተሻሉ፤ የጉድለት ወሰኑ (ኤ.ኪው.ኤል. የሚባለው፣ በመቶኛ የሚጻፈው) 2.5 ተብሎ ከተጻፈ ከ80ው ውስጥ 5 ጉድለት ያለባቸው ቢገኙም ጭነቱ ያልፋል፣ የሚመለሰው 6 ሲገኙ ነው። ለመስታወት ጭረት ይህ ይሁን ይባላል። ለሞተር ግን ወሰኑን ወደ 0.65 ማውረድ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ከ80ው 2 ብልሹ ከተገኙ ጭነቱ በሙሉ አይቀበሉትም። ከዚህም በላይ ጥቂት ሞተሮች ተመርጠው እንዲፈቱ፣ የካምሻፍቱ ጥንካሬ እንዲለካ፣ ቴስታታውም ተቆርጦ ውስጡ እንዲታይ በውሉ አስገቡ። የተቆረጠው ሞተር ዋጋ በእናንተ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የዋስትና ጥያቄ ከሚያስወጣው ጋር ሲነጻጸር ግን ቀላል ነው። ፋብሪካው ይህን ሁሉ እንቢ ካለ፣ ከማንም ምስክር ወረቀት ይልቅ እንቢታው ብዙ ይነግራችኋል።

ጥያቄ፦ አዲሱን ስኩተሬን ጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ነድቼ ዘይቱን ስቀይር የሚያብለጨልጭ የብረት ዱቄት አየሁበት። ሞተሩ ብልሹ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። አዲስ ሪንግና ሲሊንደር እርስ በርሳቸው እስኪላመዱ ድረስ ደቃቅ ዱቄት ይለቃሉ፤ የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ የሚቀየረውም በዚህ ምክንያት ነው። በጣት ሲታሽ የማይቆረቁር ከሆነ አያስጨንቅዎ። በጥፍር ሊነሣ የሚችል ቅርፊት ወይም የተጠማዘዘ ፍቅፋቂ ካገኙ ግን ሞተሩን ሳያስነሡ ፎቶ አንሥተው፣ ቅንጣቱንም ይዘው ዋስትና ወደ ሰጠዎት ይሂዱ። ቅንጣቱን ማግኔት ከሳበው ከኩሽኔታ፣ ከካምሻፍት ወይም ከሌላ የብረት ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ካልሳበው አሉሚኒየም ሊሆን ስለሚችል ፒስተኑን ወይም የሞተሩን አካል ይጠርጥሩ።

በ«ጂ ዋይ 6» ዓይነት ሞተሮች ላይ የወረቀት ማጣሪያ ስለሌለ ዘይቱን የሚያጣራው የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው። ዘይቱን ሲቀይሩ ወንፊቱን አውጥተው በቤንዚን ያጥቡት፤ ሲመልሱትም የክዳኑን ጥርስ አሉሚኒየሙ ላይ በኃይል አያጥብቁ። በዚሁ ጊዜ የማርሚታውንና የሞተሩን ማያያዣ ቡሎኖች ማጥበቅ፣ ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላም የቫልቮቹን ክፍተት በመመሪያው መሠረት መለካት ይገባል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የጠበበ ቫልቭ ሲሞቅ በደንብ ስለማይዘጋ ሞተሩ ኃይል ያጣል፣ ቆይቶም ቫልቩ ይቃጠላል።