ቀን መምረጫዋን ከመለጠፋችሁ በፊት

ልጆች፣ አክሰስ (የማይክሮሶፍት መረጃ ማከማቻ ፕሮግራም) ላይ ፎርም መሥራት ስትጀምሩ ቶሎ የምትወዷት ያቺን ቀን መምረጫ ነው። ሳጥኑን ነካ ስታደርጉ ከጎኑ ብቅ የምትለዋን ካላንደር። እኔም ወድጃት ነበር። ድካም የላትማ። የፊልዱ (መረጃው የሚገባበት ዓምድ) ዓይነት ቀን ከሆነ ራሷ ትመጣለች። ካልመጣች ኢንፑት ማስክ፣ ማለትም ጽሑፉ በምን ቅርጽ እንደሚገባ የሚያስገድድ አብነት፣ እንዳላደረጋችሁ እዩ። እሱ ካለ አትወጣም።

ለአንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል እንዲህ ያለ ፎርም ሠርቼ አስረከብኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሪፖርት ስናወጣ የሦስት ወር ጨቅላ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ቁጭ አለ። አንድ ብቻ ቢሆን ጥሩ።

እናቶች የልጃቸውን ልደት የሚናገሩት በእኛ አቆጣጠር ነው። መዝጋቢዋ የሰማችውን ትጽፋለች። ፎርሙ ደግሞ በፈረንጅ ነው ብሎ ዝም ብሎ ይቀበላል። እምቢ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ጥቅምት 30 ሲሏት 30/02 ብላ ጻፈች፣ አልቀበልም አላት። ፌብሩዋሪ 30 የለውም። 28 አድርጋ አለፈች። ምን ታድርግ፣ ሰልፉ በር ላይ ደርሷል።

ልቆጣት ነበር የሄድኩት። ከጎኗ ግማሽ ቀን ተቀምጬ አፈርኩ። በካላንደሯ የአንድ ጎልማሳ ልደት ጋ ለመድረስ ቀስቷን ወር በወር ወደ ኋላ ስትጫን አየኋታ። አርባ ዓመት 480 ወር ነው፤ ማን ይጫናል?

ስለዚህ ቀን መምረጫዋን ለቀጠሮና ለምርመራ ቀን አቆዩዋት፣ እዚያ ጎበዝ ናት። ለልደት ሦስት ሳጥን አድርጉ፦ ቀን፣ ወር በስሙ፣ ዓመት። በእኛ አቆጣጠር ይሞላ፣ ኮዱ ይቀይረው፣ ቴብሉ (መረጃው የሚከማችበት ሠንጠረዥ) ውስጥ አንድ ዓይነት አቆጣጠር ብቻ ይቀመጥ። ሰባት ወይም ስምንት መደመር ብቻ እንዳይመስላችሁ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች ግን 12 ላይ ነው። 2016 የገባው እንዲያ ነው። ዓመቱን ብቻ የሚያውቅ ሰውም ብዙ ነው። ለእሱ «ግምት» የምትል ምልክት ማድረጊያ ጨምሩ፣ አለዚያ መዝጋቢዋ የሌለ ቀን ትፈጥርለታለች።

አስተካክዬ ስመለስ መዝጋቢዋ የወራቱን ዝርዝር እስከ ታች አየችና ሳቀች።

«ጋሼ፣ ጳጉሜንስ?»

አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነበር የጻፍኩት።