ማንነትን ሳይገልጡ ማረጋገጥ ይቻላልን?

ጥያቄ፦ ኳንተም ኮምፒውተር ሲደርስ የዛሬዎቹ የምስጠራ ዘዴዎች እንደሚሰበሩ፣ በስህተት አራሚ ኮዶች (በመላላክ ጊዜ የተበላሸ መረጃን ለማረም በሚያገለግሉ ኮዶች) ላይ የተመሠረቱት ግን ሊተርፉ እንደሚችሉ ይነገራል። እነዚህ የሚሸሽጉት የመልእክቱን ይዘት ብቻ ነው ወይስ የሰውየውንም ማንነት?

መልስ፦ ሁለቱንም መሸሸግ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ ይዘትን መሸሸግ ከ40 ዓመት በላይ የተፈተነ ሥራ ሲሆን ማንነትን መሸሸግ ግን ገና ውድ ነው። ሮበርት ማክኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው ዘዴ መልእክቱን በኮድ ጽፎ ሆን ብሎ ስህተት ይጨምርበታል፤ ስህተቱን ማረም የሚችለው የኮዱን ውስጣዊ አሠራር የሚያውቅ ተቀባይ ብቻ ነው። ፒተር ሾር በ1994 ያወጣው የኳንተም አልጎሪዝም አርኤስኤ የተባለውን የተለመደ የምስጠራ ዘዴ የሚሰብር ቢሆንም፣ ኮዱን ሳያውቁ ስህተቱን የማረምን ችግር ግን አይፈታውም።

ለማንነት ጥበቃ መሠረት የጣለው ዣክ ስተርን በ1993 ያቀረበው፣ የምስጢር ባለቤት ምስጢሩን ሳይገልጥ እንደሚያውቀው ለፈታሽ የሚያረጋግጥበት ፕሮቶኮል ነው፤ አሠራሩን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። የባለቤቱ ምስጢር፣ ጥቂት 1ዎች ብቻ ያሉበት ረጅም የቢቶች (የ0ዎችና የ1ዎች) ድርድር ነው። ይህ ድርድር ለሁሉም ከሚታወቅ ማትሪክስ (የቁጥሮች ሠንጠረዥ) ጋር ሲባዛ የሚገኘው ውጤት፣ ሲንድሮም የሚባለው፣ ይፋዊ ቁልፍ ይሆናል። በእያንዳንዱ ዙር ባለቤቱ በዘፈቀደ አንድ መሸፈኛ ድርድርና የቢቶችን ቦታ የሚያቀያይር አንድ ደንብ መርጦ፣ በኋላ ሐሳቡን እንዳይቀይር የሚያስሩትን ሦስት የሃሽ ውጤቶች (ወደ ኋላ ተመልሰው የማይፈቱ አጫጭር አሻራዎች) አስቀድሞ ይልካል። ፈታሹ ከዚያ ከሦስት ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ይጠይቃል፦ መሸፈኛውንና ደንቡን፣ ወይም በመሸፈኛው የተደመረውን ምስጢርና ደንቡን፣ ወይም ቦታቸው የተቀያየረውን መሸፈኛና ምስጢር። በሦስተኛው ጥያቄ ፈታሹ የ1ዎቹን ብዛት ይቆጥራል፤ ሆኖም እንደ ካርታ ተበውዘዋልና የት እንደነበሩ ሊያውቅ አይችልም። ብዛቱ ትክክል መሆኑ ይረጋገጣል፣ ምስጢሩ ግን አይገለጥም፤ በእኔ እምነት በዚህ ዘርፍ ከተገኙት ሐሳቦች ሁሉ የተዋበው ይህ ነው።

ችግሩ ምስጢሩን የማያውቅ አጭበርባሪም ከሦስቱ ጥያቄዎች ለሁለቱ አሳማኝ መልስ አስቀድሞ ማዘጋጀት መቻሉ ነው። በአንድ ዙር የመሳካት ዕድሉ 2/3 ስለሆነ፣ ዕድሉን ከ2 ኃይል 128 ሙከራዎች ወደ አንዱ ብቻ ዕድል ዝቅ ለማድረግ 219 ዙሮች ያስፈልጋሉ። ፕሮቶኮሉ ወደ ዲጂታል ፊርማ ሲለወጥ የእነዚህ ዙሮች ሁሉ መልስ በፊርማው ውስጥ ይካተታል፤ ፊርማው የሚገዝፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ፌኔይ፣ ዡና ሪቫን በ2022 በሌላ የማረጋገጫ ስልት መጠኑን ወደ 10 ኪሎባይት አካባቢ ማውረድ ችለዋል።

በ2008 አጊላር ሜልቾር፣ ኬይረልና ጋቦሪ ከስተርን ፕሮቶኮል ተነሥተው የቀለበት ፊርማ ሠርተዋል፤ በዚህም ከአንድ ስብስብ የተወሰኑ አባላት ይፈርማሉ፣ እነማን እንደፈረሙ ግን አይታወቅም። የፊርማው ርዝመት ከአባላቱ ቁጥር ጋር አብሮ ያድጋል። በ2015 ደግሞ ኮድን መሠረት ያደረገ የቡድን ፊርማ ቀርቧል፤ በዚህኛው ክርክር ሲነሣ የፈራሚውን ማንነት መግለጥ የሚችል ባለሥልጣን አለ። ይህ ሥልጣን በአንድ እጅ ከተያዘ የአባላቱ ምስጢራዊነት በዚያ ሰው ታማኝነት ላይ ብቻ ስለሚንጠለጠል፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚዘረጉ ሁሉ መግለጫውን ቁልፍ ለብዙዎች ከፋፍለው እንዲሰጡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ በክላሲክ ማክኤሊስ (በማክኤሊስ ዘዴ ላይ በተመሠረተው ዘመናዊ የምስጠራ ሥርዓት) የተመሰጠረ መልእክት ለማን እንደተላከ ያጋልጣልን?

መልስ፦ አያጋልጥም፤ ነገር ግን ተቀባዩ «ይህ በእርግጥ ለእኔ የታሰበ ነው» ብሎ ሊተማመን አይችልም። ግራብስ፣ ማራምና ፓተርሰን በ2022 እንዳሳዩት፣ በማንኛውም የክላሲክ ማክኤሊስ የግል ቁልፍ ሲፈታ ያንኑ መልእክት የሚሰጥ አንድ የተመሰጠረ ጽሑፍ ማዘጋጀት ይቻላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የይፋዊው ማትሪክስ የመጀመሪያ ክፍል ለሁሉም ተጠቃሚ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ስህተቶቹን በሙሉ በዚያ ክፍል ላይ የሚያሳርፍ ላኪ የሚያገኘው ሲንድሮም ከተቀባዩ ቁልፍ ጋር ምንም ግንኙነት አይኖረውም። ስም የለሽ መልእክቶችን የሚያስተላልፍ ሥርዓት የሚሠራ ሰው ላኪና ተቀባይ የሚጋሩትን ቁልፍ ሲያመነጭ የተቀባዩን ይፋዊ ቁልፍ ሃሽ ማዋሃድ፣ ቀጥሎም በሌላ ቁልፍ የማይከፈት የምስጠራ ዓይነት መጠቀም ይኖርበታል።