የሳምንቱን ዝናብ ያልያዘ ኮምፒውተር የሃምሳ ዓመቱን ሙቀት እንዴት ያውቃል?

ጥያቄ፦ የአየር ትንበያ ከሳምንት ካለፈ ብዙ እንደማይታመን ይነገረናል። ታዲያ ሳይንቲስቶች ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በኮምፒውተር አስልተናል ሲሉ በምን እንመናቸው?
አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ስሌቶችን አንድ ያደርጋል። ዕለታዊው ትንበያ ከዛሬው አየር ተነሥቶ ነገን የሚፈልግ በመሆኑ፣ መነሻው ላይ ያለች ጥቂት ስሕተት በየቀኑ እየሰፋች ትሄዳለች። አሜሪካዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሎሬንዝ ይህን በ1961 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያስተዋለው በአጋጣሚ ነበር፤ ኮምፒውተሩ 0.506127 ብሎ የያዘውን ቁጥር እርሱ በወረቀት እንደታተመው 0.506 ብሎ ቢያስገባው፣ ስሌቱ ለጥቂት ጊዜ እንደ ቀድሞው ሄዶ በኋላ ፈጽሞ ሌላ ሆነበት።

የአየር ንብረት ስሌት የሚጠይቀው ግን ምድር ከፀሐይ የምትቀበለውና ወደ ሕዋ የምትመልሰው ኃይል ሲዛነፍ አማካዩ ሙቀት የት እንደሚረጋ ነው። ሐምሌ ሃያ ቀን ይዝነብ አይዝነብ የማያውቅ ገበሬም ክረምቱ ከበጋው ይልቅ እርጥብ እንደሚሆን አይጠራጠርም። ለዚህ ስሌት ኮምፒውተር ግድ አልነበረም፤ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬንየስ በ1896 ሙቀት ወደ ሕዋ እንዳያመልጥ የሚይዘው ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአየር ውስጥ በእጥፍ ቢጨምር ምድር 5 ወይም 6 ዲግሪ ያህል እንደምትሞቅ በእጁ አስልቶ ነበር።

ኮምፒውተሩ የጨመረው፣ አየሩ ሙቀትን ወደ ላይና ወደ ታች እንዴት እንደሚያጓጉዝ አብሮ ማስላትን ነው። በ1967 ተመራማሪዎቹ ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ ግምቱን ወደ 2.3 ዲግሪ ገደማ ያወረዱት በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ከዚያው ስሌት የታችኛው አየር ሲሞቅ ስትራቶስፌር የሚባለው የላይኛው እንደሚቀዘቅዝ አገኙ። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳመነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሙቀቱ የመጣው ፀሐይ በርትታ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በሞቁ ነበር፣ በኋላ በፊኛና በሳተላይት የተወሰደው ልኬት ግን የላይኛውን ቀዝቅዞ አገኘው። ማናቤ በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከተካፈሉት አንዱ ነው።

ስለ ዝናብ ከሆነ ጥያቄዎ ጥርጣሬዎን ይያዙ። ሞዴል የሚባለው ይህ የኮምፒውተር ስሌት ምድርን በሣጥን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ አማካይ ስለሚሰጥ፣ ጎኑ መቶ ኪሎ ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ የራስ ዳሸን ጫፍና የተከዜ ሸለቆ አንድ ከፍታ ይሆናሉ፤ ስለ አካባቢያችን ዝናብ ሞዴሎቹ እርስ በርስ የማይስማሙበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።